የላንድሮቨሯ ስርጉድ

ሞተሩን ሳስነሳ ከማንም አልተጣላሁም። ፍሬኑንም ስሠራ ሰላም ነበርኩ። ጣጣው የመጣው ጌጡ ላይ ስደርስ ነው።

የአባቴን አሮጌ ላንድሮቨር ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ከማስተምርበት ከወልዲያ መርሳ እየወረድኩ ግቢያችን ውስጥ ስጠግናት ከረምኩ። መጨረሻ ላይ የቀረኝ ጥቃቅኑ ነገር ነበር፤ የመስኮት ላስቲክ፣ የጎን መስታወት፣ አንዲት የበር እጀታ። ለዚያች እጀታ ሲሪንቃ ጠየቅኩ፣ ሐራ ጠየቅኩ፣ ደሴ ድረስ ሄድኩ። የተገኘችው ግራና፣ አንድ ሰውዬ የዶሮ ቤት በር ላይ ገጥሟት ነው። «ዶሮዎቹ ለምደዋታል» ብሎ ሦስት ጊዜ አመላለሰኝ እኮ!

አባቴ በዚህች መኪና መርሳና ግራና መካከል ሰውና እህል እያመላለሱ ነው ያሳደጉን። አሁን ዓይናቸው አያይም፤ ጉልበታቸውም እየከዳቸው ነው። ያ ሁሉ ልፋቴ ለአንድ ነገር ነበር፤ መነሳት መቀመጥ ሳያቅታቸው አንድ ቀን አጠገቤ አስቀምጬ ግራና ደርሰን እንድንመለስ።

ያለቀች ዕለት ደህና ሸሚዜን ለብሼ፣ እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። «ቢስሚላህ» ብለው ከኮፈኑ ጀምረው በመዳፋቸው እየዳበሱ ፈገግ አሉ። የሾፌሩ በር ላይ ሲደርሱ ፈገግታው ጠፋ።

«ስርጉዷ የታለች?»

«የቷ ስርጉድ፣ አባባ?»

«በሩ ላይ የነበረችው።»

«አቃንተናታ! ስቱኮ ተለጥፎ፣ ተሞርዶ፣ ሦስት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል። ዳብሱት እስቲ፣ እንዴት እንደለሰለሰ!»

«እንግዲያው ይህች የኔ መኪና አይደለችም» አሉና ከዘራቸውን ተቀብለውኝ ወደ መደባቸው ተመለሱ።

ደሜ ፈላ። ሁለት ሳምንት ለመንኳቸው። «ወላሂ፣ የሰው መኪና ውስጥ አልገባም» አሉ። እሳቸው ከማሉ ደግሞ አለቀ።

በሩን ያቃናውን ባትላሜራ ከወልዲያ አስመጥቼ መልሰህ አጎድጉደው አልኩት። «ጤና የለህም?» አለኝ። «ሰው የዳነ ልጁን ወስዶ መልሳችሁ አሳምሙልኝ ይላል?» በስንት ልመና መዶሻውን አነሳ። ግን የት ጋ ይምታ? ጎረቤት ተጠራ። አንዱ በኔ ሠርግ ዕለት ነው የተጎዳው አለ። ሌላው የለም፣ የኔ በሬ ነው የወጋው ብሎ ተቆጣ። ከዚያማ ጥፋቱን ሊሻማ የማይመጣ ጠፋ። አንዷ ሴትዮ ሟች ባሌ በጭንቅላቱ ገጭቶት ነው ብላ አለቀሰች።

አባቴ ከመደባቸው ሆነው ሲሰሙ ቆዩና «የሚያውቃት አንድ ሰው ነው። ባለግመሉን አምጡልኝ» አሉ።

ባለግመሉ የግራና ሰው፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በፊት አባቴ «ግመልህ የመኪናዬን በር ረግጣ አጎደጎደችው» ብለው ከሰሷቸው፤ ሰውየው አልነካችም ብለው ማሉ። ሽማግሌ ተቀምጦ ለአባቴ ፈረደ። ያኔ መኪና ያለውን ሰው ማን ይከራከራል? ግመሊቱም «መኪና ረጋጭ» ተባለች፤ ገበያተኛ ሁሉ ዞሯት ይሄድ ነበር አሉ። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ በዒድ እንኳ ቃል አልተለዋወጡም።

ሰውየው በባጃጅ መጡ። «አሰላሙ አለይኩም» አሉ ለግቢው። አባቴም «ወአለይኩም ሰላም» ብለው ለግቢው መለሱ። ከዚያ ሰውየው ወደ በሩ ቀረቡና «ከእጀታዋ አንድ ስንዝር ዝቅ። እዚህ ጋ» አሉ። ባትላሜራው በጠመኔ ምልክት አድርጎ ሲመታ ፊቴን አዞርኩ። ቀለሜ! አባቴ ዳበሱ። «ትንሽ ጠለቅ።» ደገመው። «ወደ ኋላ ሳብ አድርጋት።» ሠለሰው። በመጨረሻ መዳፋቸው ስርጉዷ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። እዚያው ላይ ቀረ።

«ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ስጠመዘዝ ከወፍጮ ቤቱ ድንጋይ አላተምኳት። ግመልህ አጠገቧ ቆማ ነበር። ሾፌር ነኝ ብዬ ስንጠባረር ኖሬ አፈርኩ፤ በሷ አሳበብኩ። ይሄ ልጅ አቃንቶ ሲያጠፋትማ፣ ሳልናገር ልሞት ነው ብዬ ደነገጥኩ።»

«አውቃለሁ» አሉ ባለግመሉ። «አይቼሃለሁ።»

«አይተህ ለምን ለሽማግሌው አልተናገርክም?»

«ብናገር ማን ያምነኛል? አንተው ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ። ነገ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ።»

«አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

«ስሟ የጠፋው ግመሊቱ ናት፤ እሷን ጠይቅ።»

«እሷማ ሞታለች።»

«የልጅ ልጇ አለች። ግራና ደጄ ላይ ታስራለች።»

እንዲህ ሆኖ አባቴ መኪናዋ ውስጥ ገቡ፤ ሦስት ዓመት የተመኘሁት ጉዞ ግመል ይቅርታ ለመጠየቅ ሆነ። ባለግመሉ በመጡበት ባጃጅ ቀድመውን ነበር። ግራና ስንደርስ አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙና፣ ዓይናቸው ስለማያይ አጥሩን «የአያትሽን ስም አጥፍቻለሁ፣ አውፍ በይኝ» አሉት። ባለግመሉ ትከሻቸውን ይዘው ወደ ግመሊቱ አዞሯቸው። ደገሙላት። ሳቄ መጣ፤ የሁለቱን ፊት ሳይ ጠፋ። ሰውየው ጎንበስ ብለው ወደ አፏ ጆሯቸውን አስጠጉና ቀና አሉ።

«እሷ አውፍ ብላለች» አሉ። «እኔ ግን ገና ነኝ።»

«እስክትል እጠብቃለሁ» አሉ አባቴ።

«ጠብቅ። እኔም ጠብቄያለሁ።»

አባቴን ደግፌ ወደ መኪናዋ መለስኳቸው። ዞሬ ወደ መሪው ስመጣ ባለግመሉ በዚያኛው በር ገብተው ከአባቴ ጎን ተቀምጠዋል። ቤትዎ እኮ እዚሁ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ሰውየው የራሳቸውን ከዘራ ጉልበታቸው መሃል አስገብተው ፊት ለፊት ያያሉ። መኪናዋን አስነሳኋት፤ ወደ መርሳ ተመለስን።