የሰባተኛ ክፍል በርሜል

አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ አስተማሪ ናት። ተማሪዎቿ ከጀርባዋ «እሜቴ ጎመን» ይሏታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እናቴ ዳቦ ቤት ሰምታ መጥታ እስክትነግራት ድረስ ስሙን የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ስትሰማ አልተቆጣችም። «ከረሜላ ቢሉኝ ነበር የማፍረው» አለች።

በሳምንት አንድ ሰዓት ስለ ጤናማ አመጋገብ ታስተምራለች። ከሥራዋ ሁሉ የምትሳሳለት ይህችን ሰዓት ነው። ዘንድሮ ግን የሒሳብ አስተማሪው ሰዓቷ ላይ ዓይኑን ጣለ፤ ዳይሬክተሩም አክስቴን ቢሮው ጠራትና፣ «ልጆቹ ፈተና ላይ ስለ ጎመን አሳምረው ይጽፋሉ። ምሳቸው ላይ ግን ለውጥ አላየሁም። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ካላሳዩኝ ሰዓቱን ለሒሳብ እሰጠዋለሁ» አላት።

አክስቴ ፈተና አታምንም። «ወረቀት ላይማ ማን ካሮት የማይወድ አለ» ትላለች። የምታምነው በርሜሉን ነው። ተማሪዎቹ ምሳቸውን ከቤት ቋጥረው መጥተው እዚያው ክፍላቸው ውስጥ ይበላሉ፤ ሲጨርሱ እሷ የተሰበረ ማስመሪያ ይዛ በሩ አጠገብ ያለውን የቆሻሻ በርሜል ታገላብጣለች። ወላጆችን ለምና በየምሳ ዕቃው ያስጨመረችው ካሮት፣ ጎመንና ፎሶሊያ እዚያ ተኝቶ ይጠብቃታል። ከዚያ እኛ ቤት ስትመጣ ፊቷ ለቅሶ ቤት ውላ የመጣች ይመስላል።

«ዛሬስ ማን ሞተ?» ትላታለች እናቴ።

«ፎሶሊያ። አንድም አልተረፈ።»

አንድ ቀን በርሜሉ ውስጥ የብርቱካን ልጣጭና የብስኩት መጠቅለያ ብቻ ተገኘ። በማግስቱም እንደዚያው። የአክስቴ አንጀት ቅቤ ጠጣ። «በሉት እኮ እትዬ፣ በሉት» እያለች ወጥ ቤታችን ውስጥ ትሽከረከር ጀመር።

እናቴ ሽንኩርት ከመላጥ ቀና አላለችም። «አንቺን ራስሽን እናታችን አፍንጫሽን ይዛ ነበር ጎመን የምታጎርስሽ። ክፍሉ በሙሉ ባንዴ ከበላማ እኔም ሚኒስትር ነኝ።»

«ቅናት ነው» አለች አክስቴ፤ ሄዳም ዳይሬክተሩን ጋበዘችው።

ዳይሬክተሩ ከምሳ በኋላ መጣ፣ በርሜሉ ላይ በክብር አጎንብሶ አየና «መልካም» አለ። በዚያው ቢሄድ ደግ ነበር። ነገር ግን ዱሮ የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለነበር ልጆች ፊት ሲቆም እጁን ይበላዋል። «እስቲ ካሮት የሚስማማውን የአየር ንብረት እንመልከት» ብሎ ከሰሌዳው በላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለውን ካርታ ገመድ ሳበ።

ካርታው ሲዘረጋ በውስጡ የተጠቀለለው ካሮት፣ ጎመንና ፎሶሊያ በዳይሬክተሩ ራስ ላይ ወረደ። አንድ የጠወለገ የጎመን ቅጠል ትከሻው ላይ እንደ ማዕረግ ተለጥፎ ቀረ።

«መምህርት» አለ ቅጠሉን በሁለት ጣቱ እያነሳ፣ «ይሄ የየትኛው አህጉር ምርት ነው?»

የአክስቴ ሰዓት ዓይኗ እያየ ወደ ሒሳብ ሊሻገር ነው። ያኔ የክፍሉ አለቃ፣ ጓደኞቿ «ጠበቃ» የሚሏት ቀጭን ልጅ፣ ብድግ አለች።

«ቲቸር አያውቁም። እኛ ነን። በርሜሉን ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል፤ አሳዘኑን።»

«ታዲያ ብትበሉትስ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«እሱንም አስበንበት ነበር። ግን ጠዋት ተቀቅሎ እስከ ምሳ ጨርቅ ይሆናል።»

ከኋላ አንድ ልጅ ጨመረበት። «ደግሞ ሰዓቱን ለሒሳብ እንዳይሰጡብን ፈርተን ነው።»

«ይሄንን ማን ነገራችሁ?»

«የሒሳብ ቲቸር። ደስ ብሏቸው ነው የነገሩን።»

አክስቴ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ስለ ቫይታሚን ያላስተማረችው የለም፤ ጣዕሙ እንዴት ነው ብላ ግን አንድም ቀን አልጠየቀቻቸውም። ከቦርሳዋ ለመክሰስ የያዘችውን ጥሬ ካሮት አውጥታ ግማሹን ለጠበቃ ሰጠቻት። ልጅቷ መድኃኒት የሰጧት ይመስል ተጠራጥራ ነከሰችው። ቀጭ አለ።

«ይሄስ ድምፅም አለው» አለችና ደገመች። ከኋላ ያሉት እጃቸውን ዘረጉ።

ዳይሬክተሩ ፀጉሩ ውስጥ የቀረውን ፎሶሊያ ፈልጎ አወጣ። «ልጆች ለሒሳብ ብለው ይሄን ያህል ሲደክሙ አይቼ አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «ሰዓቱ የእርስዎ ይሁን። ግን ከምሳ በፊት እናድርገውና ልጆቹ አትክልቱን እዚሁ አዘጋጅተው ይብሉ። ካርታውን ደግሞ የደበቁበት ያጽዱት።»

አሁን በዚያ ሰዓት ልጆቹ አጥበው፣ ቆርጠው፣ ሎሚና ጨው ነካ አድርገው ይበላሉ። ፎሶሊያ እስካሁን ወዳጅ አላገኘም። አክስቴም በርሜሉን ትታ አብራቸው ትቀመጣለች። ባለፈው ሳምንት የሒሳብ አስተማሪው ዳይሬክተሩ ዘንድ ገብቶ አቤት ብሏል፤ ከግድግዳው ማዶ የሚመጣው የማኘክ ድምፅ ተማሪዎቼን እያስራበብኝ ነው ብሎ።