ቦት ጫማውን የያዘው ሚኒስትር

አባቴ አዲሱን የፈረንሳይ ካቢኔ በቃላቸው ያጠኑት እሁድ ማታ ነው። አሥራ ስምንት ሰው፣ ከነሥልጣኑ። ሰኞ ረፋድ ላይ ካቢኔው የለም። ፍሪጄ ውስጥ ያለ ምስር ወጥ እንኳን አራት ቀን ይቆያል፤ እነዚህ ሰዎች አንድ ሌሊት አድረው፣ ገና ሹመት ያዳብር ሳይባሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው በቃኝ ብሎ ወጣ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እነዚህ እንኳን ሊበሉ እጃቸውንም አልታጠቡ።

ለንደን የሚኖሩ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ የፈረንሳይ ካቢኔ ምን ያደርግላቸዋል? አባቴ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር የሚሠሩት። ፈረንሳዊው አለቃቸው የአገሩን ሚኒስትሮች ዝርዝር ቢሮው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። እዚያ አገር መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ዝርዝሩን አዲስ ጽፈው የሚለጥፉት አባቴ ነበሩ። ከዚያ የቀረ ልማድ አላቸው፤ እንዳይረሱት የፈለጉትን ነገር ሁሉ ለአንድ ሚኒስትር ያስረክባሉ። «ባለቤት የሌለው ዕቃ ይጠፋል» ይላሉ። እናቴ በሕይወት ሳለች ገበያ ስትልካቸው ሽንኩርቱን ለግብርና፣ ሳሙናውን ለጤና አስረክበው ይሄዱና አንድም ሳይጎድል ይዘው ይመጡ ነበር። እሷም ወረቀት ላይ ጻፍ ብላ ብላ ሲያቅታት ተወችው።

ያን ሰኞ የማስታወስ ፈተና ነበረባቸው። የፊተኛውን በጸደይ ወስደዋል። መጀመሪያ ላይ ሦስት ቃል ይነገርዎታል፣ ሌላ ሌላ ነገር ሲጠይቁዎት ቆይተው መጨረሻ ላይ ሦስቱን ይበሉ ይሉዎታል። አባቴ አንዱን ብቻ አስታወሱ። ዓመቱ አጋማሽ ላይ ደግሞ ድስት ጋዝ ላይ ረስተው ጎረቤት እሳት አደጋ ጠራ። ክሊኒኩ ቁርጡን ነገረን፤ ሁለተኛውም እንደዚያው ከሆነ ብቻቸውን መኖር ይቀራል። አባቴ ደግሞ ከካሌዶኒያን ሮድ ጀርባ ያለችውን ባለ አንድ መኝታ ቤታቸውን ከእኔ አብልጠው ይወዷታል። በመስኮቷ ባቡር ይታያላ! እኔ ኪልበርን ቤቴ ውስጥ ያለኝ ትርፍ ክፍል የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛና ቫኩም ክሊነር የሚኖሩባት ናት።

እና ልክ በፈተናው ዋዜማ ካቢኔው ተሾመ። አባቴ በሬዲዮ ሰምተው፣ ጽፈው፣ ሸምድደው አደሩ። ጠዋት ልወስዳቸው ስሄድ ከረባት አስረው በር ላይ ቆመዋል። ያረፈድኩት አምስት ደቂቃ ነው፤ የአምስት ዓመት ያህል ወቀሱኝ። አውቶቡስ ላይ ፍትሕ፣ አገር ግዛት፣ ትምህርት እያሉ ጮክ ብለው ይደረድራሉ፤ ፊት ለፊታችን የተቀመጠችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች።

«አብዛኞቹ ያው የበፊቶቹ ናቸው፣ ለማስታወስ ይመቻሉ» አሉኝ።

«ለማስተዳደርስ?»

«እሱን እኔ አልተጠየቅኩም። በይ አሁን ጠይቂኝ።»

ጠየቅኳቸው። መልሰው አስጠየቁኝ። ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ የፈረንሳይን የቤቶች ሚኒስትር የገዛ ባሌን ከማውቀው በላይ አውቄው ነበር።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ስልኬን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ዜና እሱ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቋል፣ ካቢኔው አብሮት ወድቋል። ዝም ብል ምን ነበረበት? ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ብከተው ማን ይጠይቀኝ ነበር? ግን ከማለዳ ጀምሮ ተወቅሻለሁ፣ ተፈትኛለሁ። ምላሴ ደግሞ አንዴ ካሳከከኝ አልችለውም። ምነው ያን ጊዜ በቆረጠው!

«አባባ፣ መንግሥትዎ ወደቀ» አልኳቸው፣ ደስ እያለኝ።

«የቱ መንግሥት?»

«የትናንት ማታው። አሥራ ስምንቱም።»

«ግብርናም?»

«ግብርናም።»

«መከላከያም?»

«ኧረ አባባ፣ ሁሉም አልኩዎት እኮ!»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። የምቀጥለው ሌላ ቀልድ ነበረኝ፤ ፊታቸውን ሳየው ዋጥኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ወዲያው ስማቸው ተጠራ።

ነርሷ ልጅ እግርና ትሑት ናት። ሦስቱን ቃላት በቀስታ ነገረቻቸው፤ ፖም፣ ቫዮሊን፣ ቦት ጫማ። አባቴ ደገሙላት። ሰዓት ይሳሉ ስትላቸው የባቡር ጣቢያ ሰዓት አስመስለው ሳሉ። ቀኑንም፣ ወሩንም መለሱ። ከዚያ ቃላቱን ጠየቀቻቸው።

ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። መንግሥት ወደቀም አልወደቀም ሌላ ማስቀመጫ የላቸውም፤ የት እንዳስቀመጧቸው አውቃለሁ። ፖሙ ግብርና ጋ ነው፣ ቫዮሊኑ ባህል ጋ፣ ቦት ጫማው መከላከያ ጋ። በየቢሮው እየዞሩ ያንኳኳሉ፣ የሚከፍት የለም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና በጥሩ እንግሊዝኛ፣

«ይቅርታ እመቤት፣ ሰዎቹ ዛሬ ጠዋት ለቀዋል» አሏት።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ማስረዳት ጀመርኩ። እውነታቸውን ነው፣ ፖሙን ለግብርና ሚኒስትር ሰጥተውት ነበር፣ ግን መንግሥቱ ወደቀ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ራሴን ስሰማው ለእኔም ቀጠሮ የሚያስፈልገኝ መሰለኝ። ነርሷ ለአባቴ ባወጣችው በዚያው ለስላሳ ድምፅ «ይገባኛል» አለችኝ። ከዚያ ሁለት መስመር ጻፈች።

የዚያኑ ዕለት አንድ ሻንጣ ይዘን ኪልበርን ገባን። የቤታቸው ቁልፍ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። አባቴ አልተከራከሩም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ከመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ አልጋ ዘረጋሁላቸው። ሬዲዮ ብሰጣቸው አልከፈቱትም። የኋላዋ መስኮት የምታሳየው የጎረቤትን የቆሻሻ ገንዳ ነው፤ ወንበር አስጠግተው እሱን ሲያዩ ይውላሉ። ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የሰው አባት እንኳን እንዲህ አይደረግም፣ እኔ የራሴን አባት በአንድ ዜና ከቤታቸው አስወጣኋቸው።

ዓርብ ዕለት በር ላይ ቆሜ፣ «አባባ፣ የለቀቀው ሰውዬ ተመልሶ ተሾመ» አልኳቸው።

«ያው ራሱ?»

«ያው ራሱ።»

«የማያፍሩ ናቸው» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሬዲዮውንም ጠየቁኝ።

እሁድ ማታ አዲሱ ዝርዝር ወጣ። ሰኞ ጠዋት ዳቦ ስቆርጥ ከረባታቸውን አስረው ወጥ ቤት መጡ።

«ፖም፣ ግብርና። ቫዮሊን፣ ባህል። ቦት ጫማ፣ መከላከያ። በይ ለነርሷ ደውይላት።»

ደወልኩ። ስልክ ያነሳችው ልጅ መልስ በስልክ እንደማይቀበሉና ቀጣዩ ፈተና ከስድስት ወር በኋላ መሆኑን አስረዳችኝ። በስድስት ወር ውስጥ ስንት የፈረንሳይ መንግሥት እንደሚወድቅ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ አመስግኜ ዘጋሁት። ከዚያ ቁልፉን ከቦርሳዬ አወጣሁና ሻያቸው አጠገብ አስቀመጥኩት። ሻዩን ትተው ኮታቸውን ለመልበስ ተነሡ።

የጋዙን ምድጃ አስነቅዬ ራሱን በራሱ የሚያጠፋ ኤሌክትሪክ አስገባሁላቸው። ነርሷ ታውቃለች፣ አልተደሰተችም። እኔም ልቤ አላረፈም፤ ድስቱ የነደደው እውነት ነው፣ በጸደይም መንግሥት አልወደቀም ነበር።

አሁን በየጠዋቱ ሻይ ከመጣዴ በፊት የፈረንሳይን ዜና ቼክ አደርጋለሁ። ፓርላማው ተበጠበጠ፣ በጀቱ አልጸድቅ አለ ሲባል እዚያው ቆሜ እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ያን ሁሉ ያላገጥኩባቸው ሰዎች ዕድሜ እንዲሰጣቸው ሻማ ማብራት ነው የቀረኝ። ዛሬም አየሁ፤ አሉ፣ አልወደቁም። አባቴ ጋ ደወልኩ።

«ቦት ጫማውስ?» አልኳቸው።

ከበስተኋላቸው ባቡር ሲያልፍ ይሰማኛል። ስልኩን አጥብቄ ይዣለሁ።

«መከላከያ ጋ ነዋ» አሉኝ።