የእህቴ ግማሽ ድንጋይ

ታናሽ እህቴ ሃያ ስድስት ዓመት እብነ በረድ ቆርጣለች። ማሽኑ ከጆሮዋ ብዙ ወስዷል፤ ከእጇ ግን ምንም አልወሰደም። ድንጋይ አንሥታ በመዳፏ መዘን ካደረገችው ሆዱ ባዶ ይሁን ሙሉ ትነግርሃለች።

የምትሰበስበው ሰው ረግጦት የሚያልፈውን ድንጋይ ነው፦ ቡናማ፣ ድቡልቡል፣ ቆዳው ኪንታሮት የወረሰው። መጻሕፍት የነጎድጓድ እንቁላል ይሉታል። ይህን አንብቤ የነገርኳት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አላፍርበትም።

"ስሙን አንተ እወቅ ጋሼ፤ ሆዱን ለእኔ ተውልኝ" አለችኝ።

አንዱን ከሁሉ አብልጣ ወደደችው። የሚቆረጥበትን መስመር በእርሳስ አሰመረችበትና በማሽኑ እንድትቆርጠው ኃላፊዋን ለመነች። ስድስት ዓመት ሙሉ መልሱ አንድ ነበር፦ "ይህን ጥራጊ ጣይልኝ! የመቁረጫ ዲስኬን አላበላሽበትም።"

ጡረታ በወጣችበት ቀን ፈቀደላት፤ ያውም አልቆ ሊጣል በተዘጋጀ ዲስክ። ውሃው እየወረደበት፣ ሳትቸኩል ቆረጠችው። ውስጡ ኮከብ ነበር፤ መሐሉ እንደ ወተት የነጣ፣ ዙሪያው ሰማያዊ ክር የተጠቀለለበት። ሠራተኛው ሁሉ ከበባት። ኃላፊው "እስቲ ልየው" ብሎ አንዱን ግማሽ ወሰደ። አልመለሰላትም።

በሳምንቱ አብረን ወደ ፋብሪካው ስንሄድ ግማሹ በእንግዳ መቀበያው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። መነጽሯን ስላልያዘች ከሥሩ ያለውን ወረቀት አነበብኩላት፦ "የማሽኖቻችን የጥራት ውጤት።"

ደሜ ፈላ። ማሽን ድንጋይ ይወልዳል? የሚጣል ዲስክ የሰጠ ሰው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ!

"ቆይ፣ እኔ ልናገረው" አልኳት።

"ተው ጋሼ፤ አንተ ከጀመርክ ስብሰባ ነው የሚሆነው።"

ኃላፊው ከደንበኞች ጋር ቆሟል።

"ግማሼን ልወስድ ነው የመጣሁት" አለችው።

"አንቺ ደግሞ! ሌላው ግማሽ አንቺ ጋ አይደል? ድንጋይ ነው እኮ!"

እህቴ ሣጥኑን ከፈተች። ግማሹን አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከነበረው ጋር ገጠመችው። ኮከቡ ጠፋ፤ እጇ ላይ ያ ኪንታሮታም ድንጋይ ብቻ ቀረ። ደንበኞቹ እንዲያዩት ከፍ አደረገችው።

"ስድስት ዓመት ጣይልኝ ያሉኝ ጥራጊ ይኸውልዎት። ዛሬ ልጥልልዎት ነው።"

ድንጋዩን ይዛ ወጣች፤ የከለከላት የለም። ወረቀቱ ባዶው ሣጥን ውስጥ እንደቆመ ቀረ። ይቁም።