በእህል መጋዘን የዋልኩበት ጥምቀት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሙሉቀን ለልጁ ለሶስና ሦስተኛ አስጠኚ ቀጠረላት። ሶስና ገና የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የእንግሊዝኛ አላት፣ የሒሳብም አላት፣ አሁን ደግሞ የሳይንስ ተጨመረላት። "ይህች ልጅ መቼ ልትጫወት ነው?" ስለው፣ "እማዬ፣ ዘመኑ የውድድር ነው፤ አንቺ አይገባሽም" አለኝ።

እኔ ካልገባኝ ማን ሊገባው ነው?

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የምንኖረው ጉንደ ወይን ነበር። አባቴ እህል ነጋዴ ነው። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነበርና ሚኒስትሪ የሚፈተነው እሱ ራሱ ይመስል ነበር። ሁለተኛ ወጥቼ ስመጣ፣ "አንደኛ የወጣው ልጅ ሁለት ራስ አለው?" ይለኛል። በዚያ ዓመት ከመንገድ ዳር ያለውን መጋዘኑን ጠርጎ፣ ከጤፍ ጆንያዎቹ መሃል ጠረጴዛና ወንበር አስገባልኝ። ከትምህርት ቤት መልስ የምገባው እዚያ ነው። ገበያ መሄድ የለ፣ ጎረቤት መሄድ የለ። የእህሉ ብናኝ አፍንጫዬን ይበላኛል፤ ባስነጠስኩ ቁጥር እሱ ከውጭ ሆኖ "አንብቢ" ይላል።

የጥምቀት ዕለት ጓደኛዬ አለምነሽ ሹሩባ ተሠርታ፣ አዲስ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ ልትጠራኝ መጣች። አባቴ ከበር መለሳት። "ጥምቀት በየዓመቱ ይመጣል፤ ሚኒስትሪ ግን አንዴ ነው" አላት። ታቦታቱ ሲያልፉ ከበሮውንና እልልታውን በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ሰማሁ። ያንኑ አንድ ገጽ ደጋግሜ አነበብኩ፤ ምንም አልገባኝም።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ድፎ ዳቦ ይዛልኝ ገባች። "ብዪ እንጂ" ስትለኝ፣ "አበባ ወንዴና ሴቴ አካል አለው" ብዬ መለስኩላት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ኋላ ዓይኔን አየችና ሳቋን ተወችው።

በቀጥታ ወደ አባቴ ሄደች። በእሱ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ያን ዕለትም አላደረገችም።

"ጤፍ ማዳበሪያ ሲበዛበት ምን ይሆናል?" አለችው።

"ይወድቃል" አላት።

"እንግዲያው ልጅዎም ትወድቃለች።"

በማግስቱ አባቴ ጠረጴዛዬን ራሱ ተሸክሞ ወደ ቤት መለሰው። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሳም።

ፈተናውን እንደነገሩ አለፍኩ። ነርስ ሆኜ ደብረ ማርቆስ ላይ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። አለምነሽ ግን በዚያው ጥር ተድራ መርጡለ ማርያም ገባች። በተከታዩ ጥምቀት አራስ ነበረች። ከዚያ በኋላ የምንገናኘው ለቅሶ ላይ ሆነ።

ይህን ሁሉ ለሙሉቀን ነግሬዋለሁ። "የድሮና የአሁን አንድ አይደለም" ይለኛል። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ተጣልተን እናርፍ ነበር። ከፍቅሩ ብዛት ልጁን የሚያስጨንቅን ሰው ግን ማን ሃይ ይለዋል?

ዛሬ አዲሱ አስጠኚ ሲመጣ ሶስና ግቢ ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ትዘላለች። "ልጥራት እማማ?" አለኝ በትሕትና።

"ተቀመጥና ምሳ ብላ። እሷ ሲደክማት ትመጣለች" አልኩት።

ሙሉቀን ማታ ይቆጣል። ይቆጣ።