የመናኸሪያዋ ራዲዮ

የአውቶቡስ መናኸሪያው ሰው ሁሉ «ራዲዮ» ነው የሚላት። በስሟ የሚጠራት ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም ሲናደድ። ሥራዋ የሚነሡትን አውቶቡሶች በማይክሮፎን መጥራት ነው። ታዲያ ምን ዓይነት ድምፅ መሰላችሁ! ማይኩ ተበላሽቶ በዋለበት ቀን እንኳ ልዩነቱን ያወቀ መንገደኛ የለም። ስታረግዝ ደግሞ በተጣራች ቁጥር ልጅቱ ከውስጥ ትራገጥ ጀመር። «ይቺስ መንገደኛ ናት፣ ትኬት ቁረጡላት!» እያሉ ባልደረቦቿ ይስቁባት ነበር። እሷ ግን ሆዷን እየዳበሰች «ተዉኝ፣ ልጄ በድምፄ ታውቀኛለች» ትላለች።

ኮሮና ሲመጣ እሷንም አልማራትም። ጉንፋን ነው ብላ ናቀችው። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት ግን ባሏ ደግፎ ሐኪም ቤት አደረሳት። ኦክስጅኗ ወርዷል። «እህቴ፣ ለሁለታችሁም ስንል ልጅቱን አሁን ማውጣት አለብን» አለቻት ዶክተሯ። ገና ሰባት ወሯ ነበር። ልጅቱ በኦፕራሲዮን ወጣች፤ እናትዬው ልጇን ሳታይ ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ገባ፣ እሷም ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ወደሚሞቁበት ክፍል ተወሰደች።

ከቀናት በኋላ ቱቦው ወጥቶላት ራዲዮ ስትነቃ «ልጄስ?» ለማለት ሞከረች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ልጅቱ ደህና ናት፣ ቫይረሱም የለባትም፣ ትንሽዬ ናት እንጂ። እናትዬው ግን ከቫይረሱ ነጻ እስክትባል ድረስ አጠገቧ መድረስ አትችልም። አቤት ናፍቆት! ጡቷ ሞልቶ ክንዷ ባዶ። ወተቷን እያለበች ትልክና ጠርሙሱን እስከ በሩ ድረስ በዓይኗ ትሸኘዋለች። «ድምፄን ካጣች በምን ታውቀኛለች?» እያለች ታለቅሳለች።

የሕፃናቱ ነርስ አዘነችላትና ስልክ ደውላ ከልጅቱ ጆሮ አጠገብ አደረገችላት። «በይ አናግሪያት!» ምን ትበላት? የምትለው ጠፋባት። ከዚያ በዚያ ሻካራ ሹክሹክታዋ፣ «ክቡራን መንገደኞቻችን...» ብላ አትጀምር መሰላችሁ! ነርሷ በሳቅ ፈነዳች። ራዲዮም ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል፣ ሳሉ ወደ ለቅሶ ዞረ። «እናትሽ ናት እኮ፣ የኔ ቆንጆ፤ ትንሽ ነካ ያደርጋታል እንጂ» አለቻት ነርሷ ለልጅቱ። ከዚያ ወዲህ ነርሷ ተረኛ በሆነች ቁጥር ልጅቱን እንዲሁ ታጫውታታለች።

በመጨረሻ ነጻ ተባለች። ወንበር ላይ አስቀምጠው ልጅቱን ደረቷ ላይ አደረጉላት። እንዴት እንደምትቀል! ጠረኗን ገና እየሳበች ሳለ ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች።

«እሽሽ... እኔ ነኝ ልጄ፣ እኔ ነኝ» አለች ራዲዮ። ድምፁ ግን የሷ አልነበረም፤ ቱቦው አሻክሮት ቀርቷል። ልጅቱ ባሰባት።

«ምነው የኔ ቆንጆ?» አለች ነርሷ ከኋላ፣ ሳታስበው። ልጅቱ ጸጥ አለች።

ነርሷ ክው አለች። ራዲዮን ቅናት ያዛት። ነርሷ ቀስ ብላ ልትወጣ ስትል ቀሚሷን ያዘቻት።

«አትሂጂ፣ እህቴ» አለቻት። «አንቺ አናግሪያት፣ እኔ ልያዛት።»