ክቡ መጋዝና የሙክታር እርግቦች

ከክቡ መጋዝ ሆድ በካቻቢቴ ፈልቅቄ ያወጣሁት ክብ እንጨት ገና ትኩስ ነበር። ለብለብ ያለ የጣውላ ሽታ አለው። መዳፌ ላይ አስቀምጬ ሳየው ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። ልጅ እያለሁ ልክ እንዲህ ያለ ክብ እንጨት አንድ ቀን በዓይኔ ትክክል በሚስማር ተመትቶብኛል። ዛሬ ልጆቼን አሳድጌ፣ ጸጉሬም ሸበት ብሎ፣ ያ የመዶሻ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ትረሺዋለሽ ያሉኝ ሁሉ ተሳስተዋል።

ያደግኩት ድሬዳዋ፣ መጋላ ነው። የእኛን ግቢና የጎረቤታችንን የሙክታርን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር። የእነሱ የኒም ዛፍ ግን አጥር አያውቅም፤ ግማሽ ጥላው እኛ ጋ ነበር የሚወድቀው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሰፈሩ በሙቀት ተዳክሞ ጭጭ ይላል። ትልልቆቹ ጫታቸውን ይዘው በርጫቸው ላይ ናቸው። እኛ ልጆች ብቻ በጥላው ሥር ቆርኪ እንጫወታለን፣ ሱዚ እንዘላለን፤ እጃችን የበላነውን የዘይቱና ፍሬ ይሸታል። አመሻሽ ላይ በየደጁ ውሃ ሲረጭና አፈሩ ሲሸት፣ የሳምቡሳው ዘይት መንጣጣት ሲጀምር መንደሩ ይነቃል።

አክስቴ ከሐረር ስትመጣ በቅርጫት ሁለት እርግብ አመጣችልኝ። ሴቷ እንደ ስኳር ነጭ ስለሆነች ሱካር አልኳት። ወንዱ አንገቱ ላይ ቡናማ ቀለበት አለው፤ እሱን ሻሂ አልኩት። በቤታችን ልብስም ሆነ ጫማ ከእህቶቼ ዞሮ ዞሮ ነው እኔ ጋ የሚደርሰው፤ ከእነዚያ እርግቦች በፊት የራሴ የምለው ነገር አልነበረኝም። ከዘይት ቆርቆሮ ቤት ሠራሁላቸው። መግቢያውን በቢላና በድንጋይ እየቀጠቀጥኩ ስለበሳሁት ጠርዙ ተቦጫጭቆ እንደ ውሻ ጥርስ ወደ ውስጥ ገባ። አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። ለሰማይ ይቅረቡ ብዬ ደግሞ ጣሪያ ላይ አስቀመጥኩት። የድሬ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርገው ልቤ እያወቀ እርግቦቼን ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው።

በዚያው ሰሞን ሙክታርም እርግብ አማረው። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ ይላል፤ አባቱ ባቡር ጣቢያ የሚሠሩ አናጢ ነበሩ። አንድ ዓርብ ከኒሙ ሥር ጣውላ አጋድመው የእርግብ ቤት ሲሠሩለት በአጥሩ ስንጥቅ አየኋቸው። በእጃቸው የሚያዞሩት መሰርሰሪያ ጫፍ ላይ እንደ ጣሳ ክብ የሆነ፣ አፉ ዙሪያውን ጥርስ ያወጣ መጋዝ ገጥመዋል። አይቸኩሉም። የመሃሏ ቀጭን መብሻ በማዶ ብቅ ስትል ጣውላውን ገልብጠው በሌላኛው ፊት ጨረሱት። ለምን እንደገለበጡት አልገባኝም። ክቡ እንጨት ዱብ ሲል ግን የቀረው ቀዳዳ በኮምፓስ የተሠመረ ይመስል ነበር። ከቤቱ ጀርባ ከፍ አድርገው ደግሞ ቆርኪ ቆርኪ የሚያክሉ ቀዳዳዎች በመደዳ በሱለት፤ ንፋስ እንዲገባ ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ ውጭው በር አዙረው ኒሙ ላይ ሰቀሉት።

ሻሂና ሱካር ለመሄድ ብዙም አላሰቡም። አንድ ቀን ስመለስ ቆርቆሮዬ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ሮጬ የሙክታርን በር ደበደብኩ።

«እርግቦቼን አምጣ!»

«አቦ፣ እኔ ጠራኋቸው እንዴ? ቤቴ ተመቻቸው» አለኝ፣ በሩን በግማሽ ከፍቶ። ከዚያ ዘጋብኝ።

በሰፈራችን ልጆች ዘንድ አንድ ሕግ ነበር። እርግብ እንቁላል የጣለችው የት ነው? ቤቷም እዚያ ነው። እስክትጥል ድረስ ባለቤቷ መጥቶ ይዟት መሄድ ይችላል፤ ከጣለች በኋላ ወሬ የለም። ሙክታር ሱካር እስክትጥል ድረስ በሩን አልከፈተልኝም። እያለቀስኩ እናቴ ጋ ሄድኩ። እናቴ ጎረቤት ማስቀየም አትወድም፤ «እንቁላል ከጣለች የእሱ ናት፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ብላ ፈረደችብኝ። የገዛ እናቴ!

የቀረኝ ማየት ብቻ ነበር። ከእኛ ግቢ የሚታየው የእርግብ ቤቱ ጀርባ ነው። በእንጨት በራቸው ላይ ግን የድሮ ቁልፍ ተነቅሎበት የቀረ ቀዳዳ ነበር፤ ለዓይኔ ልክ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳዬን እንዳነገብኩ ዓይኔን እዚያ ላይ አደርጋለሁ። ሱካር ስታቅፍ አየሁ። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ፣ ሻሂ ሲያጎርሳቸው አየሁ። ይበቃኝ ነበር፤ ወላሂ ይበቃኝ ነበር። አንድ ቀን ሙክታር አየኝ። ከአባቱ መጋዝ የወደቀውን ያንን ክብ እንጨት አመጣና ዓይኔ ገና ቀዳዳው ላይ እያለ ከውስጥ ደፈነው፤ በሚስማር መታው። ጨለመብኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያን ጊዜ ግን አላለቀስኩም። «ቆይ ብቻ!» አልኩ።

ቆየሁ። ሙክታር ዛሬም ጎረቤቴ ነው፤ ወፍሯል፣ ባጃጅ አለው፣ አያት ሆኗል። ከጣሪያው የሚነሱትን እርግቦች ባየሁ ቁጥር አንገታቸው ላይ የሻሂን ቡናማ ቀለበት አያለሁ። የእኔ እርግቦች የልጅ ልጆች ናቸው፤ እሱ ደግሞ የአባቱን ውርስ አስመስሎ ያበላቸዋል። አባቱ ሞቱ፣ ኒሙ ተቆረጠ፣ የእንጨቱን ቤት ምስጥ በላው። ከዚያ ሙክታር ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በብየዳ የቆርቆሮ ቤት አሠርቶ ጣሪያ ላይ ሰቀለ። የእኔኑ ስሕተት! ያየሁት ቀን ምሳም አልበላሁ፤ ደስታው አጠገበኝ።

በማግስቱ ታይዋን የምንለው ገበያ ወርጄ ክብ መጋዝ ጠየቅኩ።

«ለምንድነው እህቴ? ለበር ቁልፍ ነው ለቧንቧ?» አለኝ ሻጩ።

«ለበቀል።»

አየት አደረገኝና ሳቀ። «የበቀል ቁጥሩ ስንት ነው?»

እርግብ ክንፏን ሰብስባ የምትገባበትን ያህል በእጄ አሳየሁት። ቀልዱን ትቶ አስመረጠኝ። የእንጨት መቁረጫው ጥርሱ ትልልቅ ነው፣ የብረት መቁረጫው ደቃቅ፤ የመሃል መብሻው የሚነቃነቀውን አልወሰድኩም፣ ድሪሌ የማይይዘውንም ተውኩት። ትልቁን ወሰድኩ፣ ለንፋሱም ቆርኪ የሚያክለውን። ልወጣ ስል «የብረቱንም ያዢ፤ በአንድ ቀዳዳ የሚበርድልሽ አትመስይም» አለኝ። ያዝኩ።

የመጀመሪያውን ቀዳዳ በንዴት ስለጀመርኩት አበላሸሁት። ጣውላውን በሞርሳ ሳላስር፣ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ጭስ ጨሰ፣ ድሪሉ እጄን ጠመዘዘኝ፣ በስተኋላ በኩል ጠርዙ ተሰነጣጠቀ። ተቦጫጭቆ ሳየው ያ የዘይት ቆርቆሮዬ መጣብኝ። ቁጭ ብዬ ስተነፍስ ደግሞ የሙክታር አባት ትዝ አሉኝ፤ ጣውላውን ገለበጡት እኮ! ሌላ ጣውላ አሰርኩ። ሳልጫን፣ ዱቄቱን እያራገፍኩ፣ መብሻው በማዶ ብቅ እስኪል ሄድኩና ገልብጬ በዚያኛው ፊት ጨረስኩ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። አባትየው በአጥር ያስተማሩኝን ልጃቸው ላይ አዋልኩት፤ ቅር አላለኝም።

አርጅታ ከእኔ ጋ የምትኖረው እናቴ ፍራሿ ላይ ሆና ስታየኝ ቆየች። «ነጃት፣ ይሄ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣልሽም?»

«አንቺ ራስሽ አይደለሽ የፈረድሽብኝ?» ስላት ሳቀችና ፊቷን በሻሿ ከለለች።

ጣውላውን ገጣጥሜ የሠራሁትን የእርግብ ቤት በረንዳው ጥላ ሥር ሰቀልኩ። ውሃና ማሽላ አስቀመጥኩና ሙቀቱ የባሰበትን ሰሞን ጠበቅኩ። ከሙክታር ጣሪያ ጥንድ እርግቦች መጡ፤ ወንዱ ባለ ቡናማ ቀለበት ነው። ገቡ፣ ወጡ፣ ጭራሮ ማመላለስ ጀመሩ። አንድ ጠዋት በንፋሱ ቀዳዳ አጮልቄ እንቁላል አየሁ። እልል አልኩ፤ ጎረቤት ልጅ የተወለደ መሰለው።

ሙክታር መጣ። የብረት በሬን በግማሽ ከፈትኩለት።

«ነጁ፣ ወፎቼ አንቺ ጋ ናቸው አሉኝ።»

«አቦ፣ እኔ ጠራኋቸው እንዴ? ቤቴ ተመቻቸው።»

ያቺን ቃል ስንት ዓመት አፌ ውስጥ ይዣት ኖሬአለሁ! ገባው፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«ጥለዋል?»

«ጥለዋል።»

ሕጉን ያውቀዋልና አልተከራከረም። «ቤቱን ማን ሠራልሽ?» አለኝ።

«ራሴ። እንደ አባትህ አድርጌ።»

ዝግ ባለ ድምፅ «እስቲ ልየው እንኳ» አለኝ። ዘጋሁበት።

ደስታው እስከ ማግስቱ ቆየ። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ከሱቅ ስመለስ ሙክታርን በሬ ላይ አገኘሁት፤ በጣቶቹ ቆሞ፣ ወፍራም አንገቱን አስግጎ፣ በማያሳየው የብረት በር አናት ላይ ለማየት ይታገላል። ኪሱ በማሽላ ተወጥሯል። ሲያየኝ አፍሮ ሄደ። ላዝንለት አልፈለግኩም። በድሮው ዘመን በየበሩ ስንጥቅና ቀዳዳ አይጠፋም ነበር፤ እርስ በርስ እየተያየን ነው የተጣላነው። ዛሬ ሰፈሩ በብሎኬትና በላሜራ ታጥሮ ሰው ጎረቤቱን በድምፁ ብቻ ያውቀዋል። እንኳን መቀየም፣ መተያየትም ቀርቷል።

ጠዋት የብረቱን መጋዝ ድሪሉ ላይ ገጠምኩ። «እማዬ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ምን ያህል ነበርኩ?» አልኳት። ግድግዳውን ይዛ ተነሳች፣ እስከ በሩ መጣች፣ እጇን ላሜራው ላይ አደረገች። «እዚህ ጋ ነበርሽ» አለችኝ። እጇን ቶሎ አላነሳችውም። ከጣቷ ሥር በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። ዘይት ጠብ እያደረግኩ፣ ቀስ እያልኩ በሳሁት። የወደቀውን ክብ ብረት አልጣልኩትም፤ ከመዶሻዬ ጋር አብሮ ተቀምጧል።

አመሻሽ ላይ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ጠበቅኩ። መጀመሪያ ከበሩ ማዶ ማቃሰት ተሰማኝ፣ ቀጥሎ ዝቅ ካለው ቀዳዳ ላይ አንድ ዓይን ታየ።

«አቦ ነጃት፣ ምናለ ከፍ ብታደርጊው! ወገቤ እኮ!»

«ቁመቴ ያኔ እዚያ ነበር» አልኩት።

ዓይኑ ከቀዳዳው ጠፋ። ሄደ ስል በቀዳዳው ማሽላ መግባት ጀመረ፤ ጥቂት፣ ቆየት ብሎ ሌላ ጥቂት። ተነስቼ ከሥሩ ሰሐን አደረግኩለት። ቀዳዳውን ግን ከፍ አላደርገውም።