ጋሽ ቆይ እና የኩሬው ሸምበቆ

የከተማችን መናፈሻ በጎ ፈቃደኞች ሥራቸውን የሚለኩት በጆንያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መጥረጊያና ማጭድ ይዘው ይወጣሉ፤ ቀትር ላይ የሞሉትን ጆንያ በሩ አጠገብ አሰልፈው ፎቶ ይነሣሉ። ጆንያው ከበዛ ተፈጥሮ ተጠበቀች፤ ካነሰ ሰው ሰነፈ። ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ፌስታሉና ጠርሙሱስ እሺ፤ የረገፈ ቅጠል፣ ያልረገፈ ቅጠል፣ ቁጥቋጦ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከነእንቁላሉ የወፍ ጎጆ ገብቶበታል። «ተፈጥሮን እንጠብቅ» የሚለውን ባነራችንን በአራት ረጃጅም ምስማር በቁም ዛፍ ላይ ቸንክረነዋል። ዛፉ ማንበብ አለመቻሉ በጀን።

«ቸንክረነዋል» ያልኩት ወድጄ አይደለም፤ የማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ ሰው ሲዘላለፍ «ገንቢ አስተያየቶች ተሰነዘሩ» ብዬ የምጽፈው እኔው ነኝ።

ከአባሎቻችን መካከል አንድም ጆንያ ሞልቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ጡረታ የወጣ ሰዓት ሠሪ ነው። ስሙ በመዝገብ አለ፤ ሰው ግን «ጋሽ ቆይ» ይለዋል። ማጭድ ስታነሣ ከኋላህ «ቆይ!» ይላል። የደረቀ ግንድ ልትጎትት ስትጎነበስ «ቆይ፣ ቆይ!» ይላል። ቆይ ልመናም ዛቻም ነው። «ቆይ እስቲ» ያለህን ሰው ትጠብቀዋለህ፤ «ቆይ ብቻ!» ካለህ ደግሞ መንገድ ትቀይራለህ። የእሱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ ግን ፈርጄበት ነበር። በወጣትነቴ በበር ሥር እየሾለኩ ይደርሱን የነበሩ በራሪ ወረቀቶች ሰውን ሁሉ መደብ መድበው ጨርሰውልኝ ነበር፤ ወይ ሠርቶ አደር ነህ፣ ወይ ተቀምጦ በላ። ይኼ ሰው አይሠራ፣ የማንንም አይበላ፤ ኩሬው ዳር ቆሞ ያያል። መደብ ቢጠፋለት «ቆሞ አደር» አልኩት። ሰው ሳቀልኝ። እሱም ሳቀ፤ ይኼ ነው ያናደደኝ።

ሱቁ በአውቶቡስ መናኸሪያው ጥግ ነበር፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሣጥን። አርባ ዓመት ተቀምጦበታል። የቆመ ሰዓት ስትሰጠው ወዲያው አይከፍተውም። ጨርቅ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ማጉያዋን ዐይኑ ላይ ይሰካል፣ ዝም ብሎ ያየዋል። ትንሽ ነቅነቅ አድርጎ ጆሮውን ያስጠጋል። አውቶቡሱ ሊያመልጠው የደረሰ ደንበኛ «ምነው ጋሼ፣ አይከፈትም እንዴ?» ሲለው፣ «ቆይ፣ ገና እየነገረኝ ነው» ይላል። ለእሱ ሰዓት የሚገድለው አቧራ አልነበረም፤ የቸኮለ ወረንጦ ነው። ግማሹን ሥራውን ያገኘው ከእሱ በፊት ቸኩለው ከከፈቱት ሰዎች ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማንም ሳይነግረው ራሱ ሱቁን ዘጋ። በሳምንቱ መናፈሻው ውስጥ አየነው፤ አንድ እግሯ በድንጋይ የተደገፈች አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ፊቱን ወደ ኩሬው አዙሮ።

ዘንድሮ አንድ ቀን የአባልነት ማደሻ ቅጽ ላስፈርመው ቤቱ ሄድኩ። የፊት ክፍሉ በሚተኮስ ልብስ ተሞልቷል፤ ባለቤቱ ለአንድ ሆቴል አንሶላ ትተኩሳለች። ግድግዳው ላይ ባለቤት ያጡ ሰባት ሰዓቶች እየተሻሙ ይቆጥራሉ።

«ይኸው እይልኝ» አለችኝ፣ መተኮሻዋን ወደ እሱ እየቀሰረች። «አርባ ዓመት ሰዓት አየ፤ አሁን ደግሞ ሸምበቆ ያያል። እኔን አንድ ቀን እንዲህ ትኩር ብሎ ቢያየኝ ኖሮ የወለቀው ጥርሴ የትኛው እንደሆነ ያውቅ ነበር።»

«የላይኛው፣ በግራ በኩል፣ ከመጨረሻው ሁለተኛው» አለ፤ ከሚፈርመው ወረቀት ቀና እንኳ አላለም።

እሷ ፊቷን ወደ እንፋሎቱ አዞረች። ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያን ዕለት ነው የወፎቹን ነገር የነገረኝ። ጭራቸው እንደ መቀስ የተከፈለ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጡ ጥቋቁር ወፎች ናቸው። አምና ዝናቡ እንዳባራ፣ ከሩቅ አገር ወደ ሩቅ አገር ሲያልፉ፣ አሥራ አንድ ምሽት ተከታትለው ሸምበቆው ላይ አድረዋል። በበነጋው ስብሰባ ላይ ስናነሣው ማንም አላመነም። ከየት ያምናል? እኛ ቀትር ላይ ፎቶ ተነሥተን እንበተናለን፤ ምሽት ላይ ኩሬው ዳር የሚገኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

«ስንት ይሆናሉ፣ ጋሼ?» አለችው ሊቀመንበሯ። የሚስቱ ታናሽ እህት ናት፤ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ስለነበረች ዛሬም ሰው ስታናግር ሰልፍ ላይ የቆምክ ይመስልሃል።

«አልቆጠርኳቸውም። ሰማዩ አልበቃቸውም።»

«ሰማይ ለማን አንሶ ያውቃል?» አለችና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈች።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከበላይ መሥሪያ ቤት መናፈሻችንን የሚጎበኙ እንግዶች ሰኞ እንደሚመጡ ተነገረን። ስብሰባ ተጠራ፤ ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በፕላስቲክ ወንበሮች ላይ። የሊቀመንበሯ ሐሳብ አጭር ነበር። ሸምበቆው ኩሬውን ጋርዶታል፤ እንግዳ መጥቶ ውኃ ሳያይ ሊመለስ ነው፤ ስለዚህ ይታጨድ። እጅ በእጅ ላይ ተነሣ። ያኔ ጋሽ ቆይ ከወንበሩ ተነሥቶ አንዲት ቃል ተናገረ።

«ይቆይ።»

ተቀመጠ። ሌላ ምክንያት፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። የእህቷን ባል በሰው ፊት ማሳፈር ያልፈለገችው ሊቀመንበር ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ ይቆይ። ጻፍ» አለችኝ። እኔም ጻፍኩ፦ «ሸምበቆው ይቆይ።»

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሁለት ቃል ጽፌ እስክሪብቶዬን ከደንኩ። በስብሰባ ቋንቋ «ይቆይ» ማለት ለሌላ ቀን ይተላለፍ ማለት ነው። በቤት ቋንቋ ግን ባለበት ይኑር፣ አትንኩት ማለት ነው። ሊቀመንበሯ እስከ ቅዳሜ አስተላልፋ ገባች፤ ሰዓት ሠሪው ለዘለዓለም አተረፍኩት ብሎ ገባ። አንዲት ቃል ሁለቱንም በሰላም አሳደረቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰላሳ ያህል ሰው ጆንያ ይዞ ተሰለፈ። አንድ አናጢ የሣር ማጨጃ ሞተሩን በትከሻው አንግቶ መጣ፤ በነጻ ሊያጭድልን የተስማማ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ኩሬው ዳር ስንደርስ ጋሽ ቆይ ሸምበቆውን ከጀርባው አድርጎ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ዞር በል፤ እግርህን ሣር ነው ብሎ እንዳይበላብህ» አለው አናጢው።

«ተወስኗል እኮ፤ ይቆይ ተብሏል።»

«እስከ ዛሬ ቆየ!» አለች ሊቀመንበሯ። «ከዚህ በላይ ምን ይቆይ? ቃለ ጉባኤው ይነበብ!»

ደብተሩን አወጣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ሸምበቆው ይቆይ» ብዬ አነበብኩ።

«ቀጥል» አለችኝ።

«ይኸው ነው።»

«እስከ መቼ ይላል?»

«እስከ መቼ አይልም።»

ሰላሳ ሰው አፈጠጠብኝ። አናጢው «እንግዲህ እስከ ምጽአት ነው ማለት ነው» አለና ሞተሩን መሬት አስቀመጠ። ሊቀመንበሯ «ይቆይ» የቀጠሮ ቃል ነው አለች፤ ጋሽ ቆይ የመኖር ቃል ነው አለ። ባለ ጆንያዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። ቁጣዋ ሲያይል ጋሽ ቆይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእሷ ብቻ በሚመስል አነጋገር እውነቱን ተናገረ።

«እህቴ፣ ልንገርሽ፤ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። አምና በዚህ ሰሞን መጥተው ነበር። ዘንድሮ አራት ምሽት ተቀመጥኩ፤ አንድም የለም። ምናልባት መንገድ ቀይረው ይሆናል። ግን ዛሬ ወይ ነገ ደርሰው ሸምበቆው ታጭዶ ካገኙት፣ ውኃ ላይ አያድሩም። ክንፋቸው የዛለ ነው። የት እንደሚወድቁ አላውቅም።» ወደ ሸምበቆው ዘወር ብሎ፣ «ዛሬ ማታ ካልመጡ እኔው በገዛ እጄ አጭደዋለሁ» አለ።

እጁን አየነው። ይንቀጠቀጣል። በዚያ እጅ ማጭድ ሲይዝ በዐይነ ኅሊናዬ መጣብኝና ፊቴን አዞርኩ።

«እስከ አሥራ ሁለት ተኩል» አለች ሊቀመንበሯ። «ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይነሣል።»

አመሻሽ ላይ ሁሉም ተመለሰ። ለወፍ ብሎ የመጣ ግን አልነበረም፤ ሰው ሲያፍር ማየት የማይወድ ማን አለ? እኔም ከእነሱ አልሻልም። ሚስቱ እንኳ ኮት ይዛለት መጣች፤ በሕይወቷ መናፈሻው ውስጥ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ሰማዩ ባዶ ነው። አሥራ ሁለት ከአምስት። አንዲት ወፍ መጣች፤ ውኃውን በደረቷ ነካ አድርጋ ዞረች።

«መጣች!» አለ አናጢው። «ጭብጨባ ይጀመር ወይስ ጓደኛዋን እንጠብቅ?»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ቆይ አልሳቀም። ቀና ብሎ የሚያየው እሷን አልነበረም፤ ከመናፈሻው ማዶ ካለው ወፍጮ ቤት ጣሪያ በላይ ጭስ የመሰለ ነገር ነበር። ጭሱ ነፋስ ሳይኖር ይሄዳል። ተጠቀለለ፣ ተፈታ፣ ጠቆረ። ከምሥራቅ በኩል ሌላ ጭስ መጣ፤ ከተራራው በኩል ሌላ። ኩሬው አናት ላይ ተገናኝተው አንድ ሆኑና መዞር ጀመሩ። ብርሃኑ ቀነሰ። ከሺህ በኋላ ያለውን ቁጥር በምን ይጠሩታል? ድምፃቸው መጀመሪያ አልነበረም፤ ከዚያ የክንፍ ብቻ የሆነ፣ ደረት ውስጥ የሚሰማ ጉርምርምታ መጣ። የአናጢው አፍ ተከፍቶ ቀረ፤ ቀልዱ እዚያው አፉ ውስጥ ሞተ።

እኔ «ሰፊው ሕዝብ» የሚለውን ቃል ስንት ወረቀት ላይ አንብቤዋለሁ፣ ስንት ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። ሲሰፋ ያየሁት ያን ምሽት ነው። አዛዥ የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ፣ ተሰለፉ የሚል ካድሬ የለ። ያ ሁሉ ፍጥረት በአንድ ጊዜ ወደ ግራ ሲያጋድል ሰማዩ ብርማ ይሆናል፤ ወደ ቀኝ ሲመለስ ይጠቁራል። አንዱ ከአንዱ ጋር አይጋጭም። እኛ ሰላሳ ሆነን በአንዲት ቃል ተጋጭተን ውለናል።

ከዚያ ሰማዩ በአንድ ጥግ የተተረተረ መሰለ፤ ክሩ ወደ ሸምበቆው መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ቀጭን፣ ቀጥሎ እንደ ፏፏቴ። እያንዳንዱ አገዳ አሥር፣ አሥራ አምስት ወፍ ተሸክሞ እስከ ውኃው ጎነበሰ፤ ግን አልተሰበረም። ከአህጉር አህጉር የሚጓዝ ነፍስ ሌሊቱን የሚያሳልፈው ጣት በማታህል አገዳ ላይ ነው፤ ያችን አገዳ ነው እኛ ጆንያ ውስጥ ልንከታት የነበረው። ባርኔጣ ያደረገ ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ማንም አውልቁ አላለም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ዘወር ስል ያልተቀመጠ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሚስቱ ኮቱን ማልበሷን ረስታ ክንዱን ጨምድዳ ይዛዋለች።

«እና ይሄን ሁሉ ብቻህን ነበር የምታየው?» አለችው በሹክሹክታ። «አንተ ስስታም!»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

«ዝም በል፤ ልይበት።»

ሊቀመንበሯ ዐይኗን ሳትነቅል ወደ እኔ ጠጋ አለች። ያ ሰልፍ ያስይዝ የነበረ ድምፅ ልጅ የተኛበት ክፍል ውስጥ የምታወራ እናት ድምፅ ሆኗል። «ለእንግዶቹ ጻፍላቸው፤ ጠዋት አይምጡ። ማታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት። ሸምበቆውን ሊያዩ ነው የሚመጡት በል።»

«እሺ» አልኩ። እስክሪብቶዬን ከኪሴ ማውጣት ግን አልቻልኩም።

ሸምበቆው ውስጥ ሲንጫጩ ቆዩ፤ ቦታ እንደሚሻማ ተሳፋሪ። ቀስ በቀስ ጸጥ አሉ። ሰው አንድ በአንድ፣ ጫማውን እንዳያንኳኳ እየተጠነቀቀ ወጣ። አናጢው ማጨጃውን፣ ዳር አቁሟት በነበረችው ሞተር ብስክሌት ላይ አሰረ። ቁልፉን አስገባና እጁን መለሰ። ሳያስነሣት፣ እየገፋት፣ ጠጠሩን ሁሉ አልፎ፣ ዳገቱን ወጥቶ ከዐይናችን ተሰወረ። ሞተሯን ሲያስነሣ የሰማነው ወፍጮ ቤቱን ካለፈ በኋላ ነው።